የዲኤክስና የስካይላይን ስም ለምን አላረጀም?

ዴንቨር ካፒቶል ሂል ውስጥ መንገድ ዳር ከቆሙት መኪኖች መካከል አንዳንዴ መሪው በቀኝ በኩል የሆነ የጃፓን መኪና ይታያል። ባለቤቱ ውቅያኖስ አሻግሮ ያስመጣው ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር፣ በተለይ አር34 የሚባለው፣ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። አበሻ ይህን ሲሰማ «ለአሮጌ መኪና?» ብሎ ይስቃል። ዲኤክስ ባረጀ ቁጥር ሲወደድ እያየ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ በራሷ የደኅንነት መስፈርት ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት ከሞላው እንዲገባ ትፈቅዳለች። በ1989 የወጣው አር32 ጂቲ-አር በ2014፣ በ1999 የወጣው አር34 ደግሞ በ2024 በሩ ተከፈተላቸው። በ1997 የወጣውን «ግራን ቱሪስሞ» ፕሌይስቴሽን ላይ ሲጫወት ያደገው ልጅ ደግሞ ዛሬ ደመወዝተኛ ሆኗል፤ ያኔ የተመኘውን አሁን መግዛት ይችላል።

ግን ጌም ብቻውን የመኪናን ስም ይህን ያህል ዘመን አያሻግርም። ዋናው ነገር ያለው ኮፋኖው ስር ነው። በዚያን ጊዜ የጃፓን አምራቾች ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለማስተዋወቅ እርስ በርስ ተስማምተው ነበር። ሞተሮቹ ግን ከዚያ የበለጠ እንዲሸከሙ ሆነው ተሠርተዋል። የቶዮታ ሱፕራው ባለ 3 ሊትር 2ጄዜድ ብሎኩ አልሙኒየም ሳይሆን ብረት ነው፤ ተርቦውን አሳድገው እጥፍ ጉልበት ቢያወጡበትም ይችለዋል። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሯ ሳሳ ይላል፤ ተራ ሞተር ጉልበት ሲያጣ ተርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይጎዳም። ባለቤቶቹም ይህን ሁሉ የተማሩት ራሳቸው ከፍተው፣ ፈተውና ገጥመው ነው።

ስሙ የተፈተነው በእኛው አካባቢ መንገድም ጭምር ነው። በጭቃና በአቧራ የሚታወቀውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ዳትሰን 240ዜድ በ1971 እና በ1973 አሸንፏል። ቶዮታ ሴሊካ ደግሞ ከ1984 እስከ 1986 ድረስ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወስዶታል።

ኮሮላ ዲኤክስ በርግጥ የስፖርት መኪና አይደለም። ቢሆንም በ1983 የወጣውና ዛሬ ዓለም የሚሳሳለት ኤኢ86 የዚሁ የኮሮላ ቤተሰብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዲኤክስን በሕይወት ያቆየው ግን ፍቅር ሳይሆን እንጀራ ነው። ዕቃው መርካቶ ሶማሌ ተራ አይጠፋም፤ ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን የሚነግርህ መካኒክም በየሰፈሩ አለ። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጥል፣ ቀድሞ የገባው ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። የዴንቨሩ ወጣትና የአዲስ አበባው ባለታክሲ ባይተዋወቁም የሚያከብሩት አንድ ነገር ነው፦ መኪናው ሲበላሽ ማንንም ሳያስፈቅዱ ከፍተው ይጠግኑታል።

ጉዳዩ ከናፍቆት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛና መብራት ከራሱ ወንዞች ለሚያመነጭ አገር ውሳኔው ምክንያት አለው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን እንጀራዬ ሶፍትዌር ነውና አንድ ነገር ያሳስበኛል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚታዘዘው በኮድ ነው። ኮዱ የሚከፈተው በአምራቹ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ፣ አምራቹ ገበያውን ጥሎ በወጣ ወይም ሰርቨሩን በዘጋ ቀን የሶማሌ ተራ ብልሃት ሁሉ ዋጋ ያጣል። መኪናው ሳያረጅ ቆርቆሮ ይሆናል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ካፒቶል ሂል ስሙን ያገኘው ከኮሎራዶ ግዛት ምክር ቤት ሕንፃ ነው። በዚያ ሕንፃ በ2023 የእርሻ መሣሪያ አምራቾች መለዋወጫውን፣ የጥገና መመሪያውንና ሶፍትዌሩን ለገበሬውና ለማንኛውም ጠጋኝ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ ጸደቀ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። ኢትዮጵያም ለኤሌክትሪክ መኪና አስመጪዎች ይህንኑ ቅድመ ሁኔታ ልታደርግ ትችላለች፦ መመርመሪያ ሶፍትዌሩና መመሪያው ለየትኛውም ጋራዥ ክፍት ይሁን። ውጭ ያለን የሙያው ሰዎችም በየማኅበራዊ ሚዲያው የመኪና ዋጋ ከመከራከር አልፈን፣ ኮድ የሚያነብ መካኒክ በማሠልጠን ልናግዝ እንችላለን።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ዛሬ ወደብ ላይ የሚራገፈው የኤሌክትሪክ መኪና ከ25 ዓመት በኋላ እንደ ዲኤክስ ስሙ ይጠራ እንደሆነ የሚወሰነው ያኔ አይደለም፤ አሁን፣ የግዢው ውል ሲፈረም ነው።