ቢጫ ወባ ወባ አይደለም

«ቢጫ ወባ» የሚለው ስም በሽታውን የወባ ዘመድ ያስመስለዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ትኩሳታቸውና በትንኝ ንክሻ መተላለፋቸው ነው፤ ትንኞቹም ቢሆኑ ዓይነታቸው የተለያየ ነው። የወባ መንሥኤ ፕላዝሞዲየም የተባለ ጥገኛ ተሐዋስ ሲሆን፣ የቢጫ ወባ ግን ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ የዘር መልእክቱን በአርኤንኤ የሚይዝ ሲሆን፣ ከፍላቪቫይረሶች ቤተሰብ ይመደባል። «ፍላቩስ» በላቲን ቢጫ ማለት ነው፤ ጉበቱ የተጎዳ በሽተኛ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ይሆናልና።

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተነሣው ወረርሽኝ ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ያን ጊዜ ክትባቱ ከተገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ማክስ ታይለር የተባለው ሊቅም ስለዚሁ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። የአካባቢው ሕዝብ ግን በአብዛኛው አልተከተበም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ የታየው ዴንጊ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ቫይረሱ አራት ዓይነት በመሆኑ፣ ከአንዱ የዳነ ሰው በሌላው ሊያዝ ይችላል፤ እንዲያውም ሁለተኛው ሕመም ከፊተኛው የከፋ ሊሆን ይችላል። ትኩሳቱን ወባ ነው ብሎ የወባ መድኃኒት የዋጠ ሕመምተኛ ከሁለቱም አይድንበትም።