ነጭ ዓሣ፦ ጥርስ አልባው የጣና አዳኝ

ለሐረር ሰው ሐይቅ ማለት ሐረማያ ነበር። በአዲስ አበባ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ለከተማዋ መጠጥ ሲቀዳበት፣ ለጫትና ለአትክልት ሲሳብበት፣ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርድ ደለል ሲሞላው ኖሮ በ1997 ዓ.ም. ግድም ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሷል። ውኃ ሲያልቅ ዓሣም እንደሚያልቅ ለሐረር ማስረዳት አያሻም፤ ውኃው ሞልቶ ዓሣው ሊያልቅ እንደሚችል ለማየት ግን ወደ ጣና መሻገር ነው።

በአውሮፓ ወንዞች ፓይክ የሚባል፣ በሣር ውስጥ አድፍጦ ዓሣ የሚበላ ዓሣ አለ። አፉ ጥርስ በጥርስ ነው። የጣናው ነጭ ዓሣ በአንጻሩ መንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ፣ በሆዱም ጨጓራ የለውም። ያደነውን የሚያደቅቀው ጉሮሮው ውስጥ በተሰካ ጥርስ ስለሆነ ትልቅ ነገር መዋጥ አይችልም። እንዲህ ሆኖ አዳኝ መሆኑ ይገርማል! ምስጢሩ ጢስ ዓባይ ነው። 40 ሜትር ያህል የሚወረወረው ፏፏቴ የታችኛው ዓባይ አዳኝ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ስለዘጋ ቦታው ክፍት ቀረ። ከአንድ ዘር 15 ያህል ዝርያዎች ተገኙ፤ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። ከዝርያዎቹ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም።

በበጋ ነጭ ዓሣ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ ትናንሽ ዓሦችን ያሳድዳል፤ በደንገል ታንኳ ለሚወጣ አጥማጅ ልፋት ነው። በዐቢይ ጾም፣ ዓሣ በጾም ይበላል በሚሉት ዘንድ ገበያው ይደራል። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በርካታ ዝርያዎች በጉማራ፣ በርብና በመገጭ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ሽቅብ ወጥተው ጠጠራማ በሆኑና ጥርት ያለ ውኃ ባለባቸው ገባሮች ዕንቁላል ይጥላሉ። ወንዝ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ያለ ድካም ይሞላል። ላይ በገባሮቹ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ውስጥ በመጨመር ዓሣውን የሚያደነዝዙ አሉ። የሚያዘው እንግዲህ ገና ያልወለደው ነው።

የናይሎን መረብና የሞተር ጀልባ ጣና የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የደች ተመራማሪው ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን ምርት ከአሥር ዓመት በኋላ ከነበረው ሲያነጻጽሩ ነጭ ዓሣው በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። ሐይቁ ያኔ አልደረቀም።

ማጥመድን የሚገድብ ሕግ አለ፤ ነገር ግን ሌሊት መረብ የሚጥለውን ማን ያየዋል? ገበያው ግን ያየዋል። በነሐሴና በመስከረም ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ከገቡ፣ ሆዱ በዕንቁላል የተወጠረ ነጭ ዓሣ ሲቀርብልዎ አይግዙ።