ከሞተው ግንድ ሥር የጠፋው ተባይ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1868 ሦስት ሰዎች በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሳን ሬሚ ደ ፕሮቫንስ አጠገብ ባለው የላጎይ ርስት የወይን ማሳ ውስጥ ቆመዋል። የሞንፔሊየው የዕፅዋት ሊቅ ዡል ፕላንሾን፣ ጋስቶን ባዚል እና ችግኝ አፍዪው ፌሊክስ ሳዩት ናቸው። በሮን ወንዝ ዙሪያ ወይኑን የሚያደርቀው ምን እንደሆነ እንዲያጣሩ ተልከዋል።

ምልክቱን ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል። በማሳው መካከል አንድ ግንድ ቅጠሉ ያለጊዜው ይገረጣል፣ ይቀላል፣ ይረግፋል፤ በዓመቱ ጎረቤቶቹ ይከተላሉ። ምክንያቱ ላይ ግን ስምምነት የለም። አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ ሌላው መሬቱ ደክሟል፣ ሌላው የእግዜር ቁጣ ነው።

ሰዎቹ የደረቁትን ግንዶች ነቃቀሉ። ሥሩ ጠቁሯል፤ በጣት ሲነካ ልጣጩ ይፈረፈራል። ተባይ ግን የለም፤ ሻጋታም የለም። ሌላ ነቀሉ፤ ያው ነው። ከዚያ ዶማው እንደ ዕድል ሆኖ ገና ያልደረቀ ግንድ ሥር ላይ አረፈ። ቢጫ ነጠብጣቦች በመስመር በመስመር ተደርድረዋል። አጉሊ መነጽሩን ሲያስጠጉ ነጠብጣቡ ይንቀሳቀሳል፦ እልፍ አእላፍ ክሽክሽ መሳይ ነፍሳት!

እስከዚያ ድረስ ተባዩ ያልታየው ለካ የሚፈለገው ከሞተው ላይ ስለነበር ነው። ፊሎክሴራ የተባለው ይህ ተባይ ሕያው ሥር እየመጠጠ ይኖራል፤ ሥሩ ሲሞት ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ባለርስቱ ደንግጦ ሊቅ ሲያስጠራ ተባዩ ከሄደ ቆይቷል።

አንዳንድ የፓሪስ ሊቃውንት ነፍሳቱ የበሽታው ውጤት እንጂ መንስኤ አይደሉም ብለው ለዓመታት ተሟገቱ። በ1874 መንግሥት መድኃኒት ላገኘ 300,000 ፍራንክ ሽልማት አዘጋጀ። ከሚዙሪ የመጣው የነፍሳት አጥኚ ቻርልስ ራይሊ ተባዩ አሜሪካዊ መሆኑን አረጋገጠ፤ የአሜሪካ ወይን ደግሞ ተባዩን ለምዶታል። መፍትሔውም ከዚያው መጣ፦ የፈረንሳዩን ቀንበጥ በአሜሪካው ሥር ላይ ማዳቀል።

የወይን ጠጁ ጣዕም ይበላሻል ብለው የፈሩ ብዙ ናቸው፤ ዋጋው ሰማይ ለሚነካ የወይን ጠጅ ባለቤት ፍርሃቱ አይገርምም። የቡርጎኙ ሮማኔ ኮንቲ ርስት ካርቦን ዳይሰልፋይድ የተባለ ኬሚካል አፈሩ ውስጥ እየጨመረ ወይኑን በራሱ በፈረንሳዩ ሥር ላይ ለአሥርት ዓመታት ጠበቀ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ኬሚካሉም ሠራተኛውም ጠፋ። የ1945ቱ ምርት 600 ጠርሙስ ገደማ ብቻ ሆነ። ግንዶቹ ተነቀሉ፤ በምትካቸው አሜሪካዊ ሥር ያለው ተተከለ። በዚያ ስም እንደገና የወይን ጠጅ የተጠመቀው በ1952 ነው።