የፓይታጎረስ ቀመር ለሁሉም ጎነ ሦስት አይደለም

ተረት፦ የሁለት ጎኖች ርዝመት ከታወቀ ሦስተኛው በፓይታጎረስ ቀመር ይገኛል።

እውነታ፦ የሚገኘው ጎነ ሦስቱ 90 ዲግሪ (ቀጤ) ማዕዘን ሲኖረው ብቻ ነው። ይህን ቅድመ ሁኔታ ትተው ቀመሩን ያሸመደዱ ጎበዝ ተማሪዎች ፈተና ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ። «ሀ ስኩዌር ሲደመር ለ ስኩዌር እኩል ይሆናል ሐ ስኩዌር» የሚለውን ሳይደናቀፉ ይወጡታል፤ ሐ የትኛው ጎን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ሰሌዳ ላይ የሚሣለው ጎነ ሦስት ሁልጊዜ ቀጤ ማዕዘን ያለው ነው። ሌላ ዓይነት ያላየ ልጅ ቀመሩ ለሁሉም ይሠራል ቢል አይፈረድበትም። የሚፈረደው «ቀመሯን ብቻ ያዝ፣ ትበቃሃለች» እያሉ በሚያስጠኑት ላይ ነው። አትበቃም!

ቁጥሩ ይመስክር። 5 እና 8 ሜትር የሆኑ ጎኖች በ60 ዲግሪ ቢገናኙ ሦስተኛው ጎን ልክ 7 ሜትር ነው፤ ቀመሩ ግን 9.43 ገደማ ይሰጣል። ቀጤ ማዕዘን እያለም መሳሳት አለ። ሀይፖቴነሱ፣ ማለትም ከቀጤ ማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ጎን፣ 13፣ አንዱ አጭር ጎን 5 ከሆነ ከ169 ላይ 25 ይቀነሳል፤ 144 ይቀራል፤ ሌላው ጎን 12 ነው። ዝም ብሎ የደመረ ተማሪ ግን 13.93 ያገኛል፤ ከሀይፖቴነሱ የሚረዝም ጎን! ሐ ምንጊዜም ከቀጤ ማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን መሆኑን ያወቀ ልጅ ይህን ስህተት ራሱ ይይዘዋል።

የጥንቱ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ገደማ ባዘጋጀው «ኤለመንትስ» የተባለ መጽሐፍ የቀመሩን ግልባጭም አረጋግጧል፦ የሁለቱ ጎኖች ስኩዌር ድምር ከሦስተኛው ስኩዌር ጋር እኩል ከሆነ ማዕዘኑ ቀጤ ነው። ግንበኛ ከአንድ ማዕዘን ተነሥቶ በአንዱ በኩል 3፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ በጫፎቹ መካከል 5 ሜትር ሲያገኝ ልክነቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ከ5 ከበለጠ ማዕዘኑ ሰፍቷል፤ ካነሰ ጠቧል።

ተረት፦ ቀመሩን መጀመሪያ ያገኘው ፓይታጎረስ ነው።

እውነታ፦ የሳሞሱ ፓይታጎረስ የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዘመን ነው። ባቢሎናውያን ግን ከእርሱ ከ1000 ዓመት በላይ ቀድመው፣ «ፕሊምፕተን 322» በተባለው የሸክላ ጽላት ላይ ቀጤ ማዕዘን ያላቸውን ጎነ ሦስቶች ጎኖች ዘርዝረዋል። እርሱ ራሱ ማረጋገጫ ስለማበጀቱም የታሪክ ሊቃውንት አይስማሙም፤ በእጁ የጻፈው ምንም አልተገኘም።

ተረት፦ ፓይታጎረስ ቀመሩን ባገኘ ጊዜ በደስታ በሬ ሠዋ።

እውነታ፦ ወሬው የተጻፈው እርሱ ከሞተ ከመቶዎች ዓመታት በኋላ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ እንኳ በመጽሐፉ ጥርጣሬ አንሥቶበታል።

ልጅ የምታስጠኑ ሁሉ፣ ከቀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ አስለምዱት፦ 90 ዲግሪው የቱ ጋ ነው? ከሌለ ቀመሩን ይተወው፤ ካለ ፊት ለፊቱ ያለውን ጎን ሐ ብሎ ይጀምር።