አየር ላይ እያለ የሚጮኸው

ኑ እስቲ፣ ዛሬ የማሳያችሁ ነገር ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም። ጥቂት ሬዚስተሮች፣ አንድ ትራንዚስተር፣ አንድ ቀይ ኤልኢዲ፣ ባዘር የምንላት ጯሂ፣ እና ትራንዚስተር የምትመስል ግን ያልሆነች ባለ ሦስት እግር ጥቁር ዕቃ። ሥራቸው አንድ ነው፦ በሪሞት የማበረው አውሮፕላን ባትሪው ሊያልቅ ሲል ገና አየር ላይ እያለ መጮኽ።

«ባትሪው ሲደክም አውሮፕላኑስ አብሮ አይደክምም? ምን ደወል ያስፈልገዋል?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፣ የመጀመሪያዋ አውሮፕላኔ የሰው ጤፍ ውስጥ እስክትገባ ድረስ። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ጠባዩ የወጥ ቤት ጋዝ ሲሊንደርን ይመስላል። ሲሊንደሩ ሙሉም ይሁን ሩብ፣ እሳቱ ያው ነው፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ድንገት ጭል ጭል ብሎ ይጠፋል። የባትሪው አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ከዚያ 3.8 እና 3.7 አካባቢ ለረጅም ጊዜ ይንፏቀቃል። 3.5ን ካለፈ በኋላ ግን ገደል ነው። ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ደግሞ ሴሉ ውስጡ ይጎዳል፤ ሊያብጥ፣ እንደገና ሲሞላም እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ታዲያ «ወርዷል» ለማለት ከምን ጋር እናወዳድረው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። ደወሉ ራሱ የሚሠራው በዚያው ባትሪ ነው፤ ባትሪው ሲወርድ በሰርኪዩቱ ላይ ያለው ቮልት ሁሉ አብሮት ይወርዳል። ጨርቅ በክንዱ የሚለካ ነጋዴ አስቡ። ጨርቁ ባጠረ ቁጥር ክንዱም አብሮ ቢያጥርበት፣ ዕድሜ ልኩን «አሥር ክንድ ሙሉ ነው» እያለ ይምላል። ስለዚህ የማያጥር ክንድ ያስፈልገናል።

ያቺ ባለ ሦስት እግር ዕቃ የማያጥረው ክንዳችን ናት። ስሟ ቲኤል431 ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣት ስትሆን ዛሬም በብዙ ቻርጀርና በኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ትገኛለች፤ የእኔዋን የነቀልኳት ከተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ነው። ውስጧ 2.5 ቮልት የሚሆን መለኪያ አለ። ባትሪው 12 ቢሆን 9 ቢሆን እሱ ንቅንቅ አይልም።

የእኔ ባትሪ ባለ ሦስት ሴል ነው። እያንዳንዱ 3.5 ሲደርስ ልስማ ካልኩ፣ ድምሩ 10.5 ቮልት ነው። ባለ 32 እና ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችን አከታትዬ ባትሪው ላይ ስዘረጋቸው፣ ከመካከላቸው የሚወጣው ቮልት ልክ 10.5 ላይ 2.5 ይሆናል። (32 የሚል ሬዚስተር ፍለጋ አትንከራተቱ፤ ባለ 22 ኪሎ ኦም እና የሚጠመዘዝ ባለ 20 ኪሎ ኦም አከታትላችሁ አስተካክሉት።) ያ መካከለኛ ነጥብ ከ2.5 በላይ እስከሆነ ድረስ ቲኤል431 ክፍት በር ናት፤ በ2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል የሚመጣውን ኮረንቲ ሁሉ ወደ ኔጋቲቩ ታፈሰዋለች። ከዚያ በታች ሲሆን በሩን ትዘጋዋለች። ኮረንቲው መሄጃ ሲያጣ በኤልኢዲው አልፎ ትራንዚስተሩን ይቀሰቅሳል፣ ባዘሯም ትጮኻለች።

ኤልኢዲው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ! በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት እንኳ ቲኤል431 ላይ 2 ቮልት ገደማ ይቀራል። ትራንዚስተር ደግሞ በ0.6 ቮልት የሚነቃ እንቅልፈ ቀላል ነው፤ ያለ ኤልኢዲው ቀኑን ሙሉ በጮኸ ነበር። ቀይ ኤልኢዲ ግን 1.8 ያህል ቀረጥ ካልተከፈለው አያሳልፍም።

ሠርቼ ስጨርስ ሌላ ጉድ መጣ። ሞተሩን ሙሉ ስከፍተው ይጮኻል፣ ስቀንስ ዝም ይላል። ባትሪ የራሱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ አለው፤ የእኔው 30 ሚሊ ኦም ቢሆን እና ሞተሩ 20 አምፔር ቢስብ፣ 0.6 ቮልት እዚያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ከ10 ኪሎ ኦሙ ጎን 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አሰርኩ፤ አሁን ለአፍታ የወረደ ቮልት አያስጮኸውም። ሙሉ ከፍቼ ስወጣ ብቻ ቢጮኽ ወደ ሜዳው መመለስ እጀምራለሁ፤ ቀስ ብዬም እየበረርኩ ከጮኸ ወዲያው አሳርፋለሁ።

አንድ ነገር ግን ይህ ሰርኪዩት አያይም። 3.8፣ 3.7 እና 3.0 ሲደመሩም 10.5 ናቸው። ሁለት ጤነኛ ሴሎች የታመመውን ወንድማቸውን ይሸፍኑለታል። ባትሪው ላይ ያለችው ባለ አራት ሽቦ ቀጭን ሶኬት የተሠራችው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱን ሴል ለብቻው ማየት ታስችላለች። ገበያ ላይ ያሉት ትንንሽ ደወሎች እዚያው ላይ ይሰካሉ። በአርዱዊኖ ናኖ መሥራትም ይቻላል፤ ያኔ የናኖውን የ5 ቮልት መስመር መለኪያ አታድርጉት፣ እሱ ራሱ እንደ ኃይል ምንጩ ሊለዋወጥ የሚችል ክንድ ነው። ውስጡ ያለውን የ1.1 ቮልት መለኪያ ተጠቀሙ።

ባዘሯን ከአውሮፕላኑ ሆድ ውጭ አስሯት፤ ፎም ውስጥ ከተቀበረች ከሞተሩ ጩኸት ጋር አትሰማም።

ደግሞም ስታርፉ ሰርኪዩቷን በሙሉ ከባትሪው ንቀሏት። ዝም ብላ እያለችም ከ4 ሚሊ አምፔር በላይ ትጠጣለች። ከበረራ በኋላ ባለ 2200 ባትሪ ውስጥ 440 ሚሊ አምፔር ሰዓት ቢቀር፣ በአራት ቀን ገደማ ጠጥታ ትጨርሰዋለች። እኔ ከመኪናው ኋላ ረስቻት ሳምንት ቆይቼ ስከፍት፣ ባትሪው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ጠበቀኝ። ጯሂዋም ጮኻ ጮኻ ዝም ብላለች።