የዮርክሻየር ክሪኬት ክበብ ሜዳዎች

አንድ የስፖርት ክበብ ሜዳውን የሚለውጠው ስለ ምንድን ነው? ብዙ ሰው የሜዳውን መጥበብ በምክንያትነት ያቀርባል። እኛ ግን በእንግሊዝ አገር የሚገኘውን የዮርክሻየር አውራጃ ክሪኬት ክበብ ታሪክ ስንመለከት፥ የመሬቱ ባለቤትነት ከዚህ የበለጠ ክብደት እንዳለው ተረድተናል። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ክበቡ በ1863 በሼፊልድ ከተማ ሲቋቋም ዋና መጫወቻው ብራማል ሌን ነበር። ሜዳው ግን የክበቡ ሀብት አልነበረም፤ ከ1862 ጀምሮ እግር ኳስም ይካሄድበት ነበር። በ1889 ደግሞ የሼፊልድ ዩናይትድ እግር ኳስ ቡድን እዚያው ተመሠረተ። ክሪኬት ዙሪያውን ሰፊ ስፍራ ስለሚፈልግ፥ የእግር ኳሱ ተመልካቾች መቀመጫ በሦስት ወገን ብቻ ተወስኖ አራተኛው ወገን ክፍት ሆኖ ቈየ። በመጨረሻም እግር ኳሱ ይህንኑ ወገን ስለ ፈለገው ክሪኬቱ በ1973 ሜዳውን ለቀቀ፤ በ1975 በስፍራው የተመልካቾች መቀመጫ ቆመበት።

የክበቡ ጽሕፈት ቤት ቀደም ብሎ በ1903 ወደ ሊድስ ተዛውሮ ነበር። በዚያ ከተማ ከ1891 ጀምሮ የተጫወተበት የሄዲንግሊ ሜዳም የሌላ ኩባንያ ንብረት ነበር። ክበቡ ይህን ሜዳ በ12 ሚሊዮን ፓውንድ የገዛው በ2005 ነው፤ ይኸውም ከተመሠረተ ከ142 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ክበቡ በሰው ሜዳ በኖረበት ዘመን ወደ ብራድፎርድ፥ ወደ ሃልና ወደ ስካርብሮ እየተዘዋወረ ለአውራጃው ሕዝብ በየቀዬው ይታይ ነበር። ዛሬ ስካርብሮ ቢቀርለትም፥ የብራድፎርዱ ሜዳ ከ1996 በኋላ ቀርቷል። እንግዲህ የራስን ሜዳ ማግኘት ትልቅ ነገር ቢሆንም፥ የአውራጃን ስም የያዘ ክበብ ቤቱ አንድ ከተማ ብቻ እንዳይሆን ሊያስብበት ይገባል እንላለን።