ሶንጎውና አዳራሹ

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫነቱ ለስድስት ከተሞች ተከፋፈለ፤ ዲላ ከስድስቱ አንዷ ሆነች። ብዙም ሳይቆይ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም.፣ ዩኔስኮ ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ በዲላ አቅራቢያ ያለውን የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። መቀመጫ የሆነች ከተማ ስብሰባ ይበዛባታል፣ ቅርስ ያላት ከተማ እንግዳ ይመጣባታል፤ ስለዚህ ዲላ ሰፊ የመሰብሰቢያና የዝግጅት ማዕከል ያስፈልጋታል ቢባል የሚያከራክር አይደለም። የሚያከራክረው እንዲህ ያለ ማዕከል በምን ይለካ የሚለው ነው። በመቀመጫው ብዛት? በመስታወቱ? ወይስ ባስተናገዳቸው መሪዎች ስም? ጌዴኦ ሲሚንቶ ከመምጣቱ በፊት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ አለ። ስሙ ሶንጎ ነው፤ ዛሬም አላረጀም።

ሶንጎ የሽማግሌዎች ጉባኤም ነው፣ ጉባኤው የሚቀመጥበት ቦታም ነው። ከዲላ ተነስቶ በወናጎ አድርጎ ወደ ይርጋጨፌና ወደ ዱመርሶ የሚወጣ መንገደኛ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው፤ ከላይ ረጃጅም ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ መሐል ቡና። ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ በመሆኑ ተዳፋቱ ሳይቀር ይለማል። እንዲህ ባለ አገር መካከል ሣሩ የለመለመ፣ ዙሪያውን አንጋፋ ዛፎች የከበቡት ገላጣ ቦታ ሲገኝ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ቡና ቢተከልበት በየዓመቱ ገንዘብ ይሆናል፣ እንሰት ቢተከልበት ቤተሰብ ይመግባል። ሆኖም ማንም አያርሰውም፤ ዛፉም አይቆረጥም። መሬት በስንዝር በሚለካበት ቀበሌ የጋራ መቀመጫ እንዲህ ተጠብቆ መኖሩ ማኅበረሰቡ ለመሰብሰብ ምን ያህል ዋጋ እንደሚከፍል ያሳያል። የድንበር ክርክር፣ የትዳር ጠብ፣ ዕዳ፣ ደም ያፋሰሰ ቂም ሁሉ እዚያ ይቀርባል፤ ምርቃትና ጸሎትም እዚያው ነው። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚተላለፍበት የባሌ ሥርዓት፣ በአባ ገዳው ከሚመራው ከፍተኛ ጉባኤ ጀምሮ እስከ መንደር ድረስ የሚሠራው በዚህ ዓይነት መቀመጫ ላይ ነው።

ይህ የጌዴኦ ብቻ አይደለም። ቡናዋ በዓለም የታወቀላት የይርጋጨፌ ስም ውስጥ ያለው ጨፌ በኦሮምኛ ለምለም፣ ውሃ ያዘለ መስክ ነው፤ በመስኩ ላይ የሚቀመጠው ጉባኤም ጨፌ ይባላል፣ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት መጠሪያውን ያገኘው ከዚያ ነው። በአማራውም አገር ቢሆን ሸንጎ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የዋርካ ጥላ ነው። አባቶቻችን ለጉባኤ መጀመሪያ የመረጡት የሚቀመጡበትን መሬት ነው፤ ጣሪያው በኋላ የመጣ ነገር ነው። ቦታውን ቦታ ያደረገው በየሳምንቱ የሚቀመጥበት ሰው ነበር።

የዘመናዊ አዳራሾቻችን ታሪክ በሌላ መንገድ ሄደ። አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ሲሠራ የታሰበው ለአህጉሩ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 ነጻ አገሮች መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት በዚያ ነው። ወደ አዳራሹ ሲገባ የሚታየው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል፤ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል ይዟል፣ ብርሃን ሲያልፍበት ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። በዚህ ሕንጻ መኩራት ይገባናል፤ እኔም እኮራበታለሁ። ግን የካዛንቺስ ነዋሪ ዕድሜውን ሙሉ አጥሩን ሲያልፍ ኖሮ ያንን ብርሃን ላያየው ይችላል። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቻይና 200 ሚሊዮን ዶላር ያወጣችበት የአፍሪካ ኅብረት ማዕከልም እንደዚያው ነው። እነዚህ ለእንግዳ የተሠሩ ቤቶች ናቸው። ለአህጉር መዲና ተገቢ ናቸው፤ ዲላ ግን እነሱን በትንሹ ልቅዳ ብትል የምታተርፈው ዓመቱን ሙሉ የተቆለፈ በር ነው።

ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው ቦሌ ያለው ሚሌኒየም አዳራሽ ነው። የተሠራው ለአንድ በዓል፣ 2000 ዓ.ም.ን ለመቀበል ነበር። በዓሉ ሲያልፍ ግን ኮንሰርቱም፣ ባዛሩም፣ ኤግዚቢሽኑም እየገባበት ቆየ፤ ዘይትና ሽሮ ሊገዛ የመጣ ሰው በእግሩ የረገጠው አዳራሽ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ አልጋ ተደርድሮበት የሕሙማን ማቆያና መታከሚያ ሆነ። ማንም ያላቀደለት ያ ጊዜ፣ በእኔ ግምት፣ ከነበሩት ጊዜያት ሁሉ የከበረው ነው። ሰፊ ወለል፣ መብራት፣ ውሃና መጸዳጃ ያለው፣ መንገድ የሚደርሰው ቤት በክፉ ቀን ምን እንደሚያደርግ በዓይናችን አየን።

ጌዴኦም ይህን ትምህርት በመከራ ተምሯል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ፣ ቤተሰቦች የተጠለሉት በትምህርት ቤቶች፣ በቤተ ክርስቲያናትና ባላለቁ ሕንጻዎች ውስጥ ነበር። ተማሪ ያለ ክፍል ቀረ፤ ተፈናቃዩም ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተኛ። ሰፊ ጣሪያ ብቻውን ግን ይህን አይመልስም። በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ በ1997 ዓ.ም. ማብቂያ ካትሪና የተባለው ማዕበል ሲመታት ሱፐርዶም የተባለው ግዙፍ ስታዲየም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አስጠለለ፤ ጣሪያው ተቀደደ፣ መብራት ጠፋ፣ መጸዳጃው ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። ለመጠለያነት ያልታሰበ ቤት ክፉው ቀን ሲመጣ ራሱ ችግር ይሆናል። ስለዚህ የዲላው ማዕከል ንድፍ ሲሠራ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ የመጸዳጃው ቁጥርና የጄኔሬተሩ ቦታ ከመድረኩ መጋረጃ በፊት ይታሰብ።

ሶንጎን ለአርአያነት ማቅረቤ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ሶንጎ ላይ ለፍርድ የሚቀመጡት በአመዛኙ አዛውንት ወንዶች ናቸው፤ ሴቶችና ወጣቶች የት አሉ? ጥያቄው እውነት ነው፣ አልሸሸውም። ዱመርሶን በመሰለ ቡና አምራች ቀበሌ የመኸሩን ሥራ ያየ ሰው ይህ ጉድለት ጎልቶ ይታየዋል። እሸቱ ተፈልፍሎ ከታጠበ በኋላ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ የሚሸፍኑት፣ ሲቀዘቅዝ የሚገልጡት፣ ጎንበስ ብለው የተሰነጠቀውንና የጠቆረውን አንድ በአንድ የሚለቅሙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የቡናው ስም በውጭ አገር መደብር ከረጢት ላይ የሚነበበው በእነሱ ጣት ነው። ከሶንጎ መውሰድ የምፈልገው የጋራ ባለቤትነቱንና የዘወትር አገልግሎቱን ነው፤ የመቀመጫውን ተራ አይደለም። የአዲሱ አዳራሽ መተዳደሪያ ደንብ እነዚህን ሴቶች ከአስተዳዳሪዎቹ መካከል ካስገባ፣ የዛፉ ጥላ ያላደረገውን ያደርጋል።

ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። አዳራሽ በኪራይ ካልኖረ ጣሪያው ያፈስሳል፤ ኪራይ የሚከፍለው ደግሞ ገበሬ ሳይሆን ኮንፈረንስ ነው ይባላል። ነገር ግን ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሐዋሳ በመንገዷ ላይ ናት፣ ሆቴሏም ብዙ ነው። በኮንፈረንስ እንግዳ ብቻ ልኑር የሚል ቤት ከሐዋሳ ጋር ውድድር ገጥሞ ይሸነፋል። የራስ ደንበኛ ግን እዚሁ አለ። የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጠሩ ሕጉ ያዛል፤ ሒሳብ የሚሰማው፣ የትርፍ ክፍፍል የሚወሰነው እዚያ ነው። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይመረቃሉ፣ ሠርግ አለ፣ ባዛር አለ፣ በጥር ደግሞ የጌዴኦ ዘመን መለወጫ ደራሮ አለ። እያንዳንዱ ትንሽ ይከፍላል፤ ተደምሮ ግን ቤቱን ክረምት ከበጋ ክፍት ያደርገዋል።

ቦታው ሲመረጥም ዛፍ ቆርጦ ከመሥራት ዛፍ ያለበትን ገላጣ መርጦ ሕንጻውን ወደ ጎን ማድረግ ይሻላል፤ ተሰብሳቢው ዝናብ ሲሆን ወደ ውስጥ እንዲገባ፣ ፀሐይ ሲሆን ወደ ጥላው እንዲወጣ። ዕቅዱ ለውይይት ሲቀርብ ደግሞ አንድ ቁጥር ከመቀመጫው ብዛት ቀድሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ፤ የዱመርሶ ገበሬዎች ጠቅላላ ጉባኤያቸውን ሊያካሂዱ ሲመጡ ለአንድ ቀን ስንት ብር ይከፍላሉ?